«አልታየም» እና «የለም»

ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ በሬን አንኳኳ። ጠዋት ነበር፤ ድሬ ገና ሳትሞቅ። ቡና አቀረብኩለት። ሲኒውን በሁለት እጁ እያዞረ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ማዘር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። እዚህ እኛ ጋ «እርስዎ» ብዙም አይሰማም። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» እና «አንተ» ትላለች።

«ጠይቀኝ» አልኩት።

«ማመን አቁሜያለሁ። ጸሎቱም፣ ገነቱም፣ ሲኦሉም ውሸት ነው የሚመስለኝ። ለእናቴ እንዴት ነው የምነግራት?»

የየትኛው ሃይማኖት ልጅ እንደሆነ አልናገርም። ሰፈራችን ጠባብ ነው። ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ አልተወኝም። ስለዚህ ይህን ለእሱም፣ እንደ እሱ እንቅልፍ አጥታችሁ ለምታስቡ ልጆቼም እጽፋለሁ። ቄስም ሼኽም አይደለሁም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በላቦራቶሪ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የማውቀውን በማውቀው ነገር ልንገራችሁ።

የወባ ምርመራ እንዲህ ነው። ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰዳል። መስታወት ላይ ይቀባል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ። ጊምሳ በሚባል ቀለም ይቀለማል። ሲደርቅ ዘይት ጠብ ይደረግበትና 100 እጥፍ በሚያጎላ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ይታያል። ተውሳኩ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ አይታችሁ ትጽፋላችሁ። ከባዱ የሌለ ሲመስል ነው። ቢያንስ 100 የእይታ መስክ ሳትቆጥሩ «ኔጋቲቭ» አይባልም። ቆጥራችሁም ቢሆን የምትጽፉት «ወባ የለም» ብላችሁ አይደለም። «የወባ ተውሳክ አልታየም» ነው የሚባለው። ተማሪ ሳለሁ «የለም» ብዬ ብጽፍ አስተማሪዬ ወረቀቱን መለሰልኝ። «አንቺ ያየሽው ይቺን ጠብታ ነው። የሰውየውን ደም ሁሉ አይተሻል?» አለኝ።

ስለ እግዚአብሔር ስትጠይቁኝ የምሰጣችሁ ውጤት ይኸው ነው። እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። አልታየኝም። «የለም» ብዬ ግን አልፈርምም።

ይህን ስል ደግሞ ቃሉን ለማለስለስ አይምሰላችሁ። «አልታየም» ማለት «እንግዲያው እንዳለ ቁጠረው» ማለት አይደለም። አንድ ሰው መጥቶ «እግዚአብሔር ነግሮኛል፣ መድኃኒትሽን ጣይ» ሲላችሁ «በምን አወቅህ?» ማለት መብታችሁ ነው። አንዳንዴም ግዴታችሁ ነው።

በ1997 የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር እኔ ሲዲ ፎር፣ ማለት በሽታ የሚከላከሉትን የደም ሕዋሳት፣ እቆጥር ነበር። አንዲት ወጣት ነበረች። ቁጥሯ በየወሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ውጤቷን ስሰጣት አብረን እንስቅ ነበር። ከዚያ ጠፋች። ጸበል ሄዳ ኖሯል። እዚያ ያገኘቻቸው ሰዎች ክኒን መዋጥ እምነት ማጣት ነው አሏት። ስትመለስ ሰው ደግፏት ነበር። ቁጥሩን ሳይ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ብዙም አልቆየች። በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩ። ያ ንግግር ስንቱን ወደ ክሊኒክ እንደመለሰ እኛ ከመስኮቱ ወዲህ ያለነው አይተናል። እሷ ግን አልደረሰችበትም።

እንግዲህ ጥርጣሬ ሕይወት ያድናል። ይህን አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ማመን ያቆምኩት መጀመሪያ በ1969 ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። በቀበሌ የውይይት ክበብ ካድሬው ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው አለን። አጨበጨብን። በሳምንቱ ማተቤን በጠስኩ። እናቴ አንገቴን አየች። ምንም አላለችም። ምሳም አልበላችም።

ዛሬ ሳስበው ማተቤን የበጠስኩት አስቤ አይደለም። ታዝዤ ነው። አንዱን የማይጠየቅ ሰው ትቼ ሌላ የማይጠየቅ ሰው ይዤ ነበር። የነፍስ አባታችን እንኳ ሲጠየቁ ቢበዛ ይቆጡ ነበር። በዚያ ዘመን ካድሬ የጠየቀ ምን እንደደረሰበት ቤት ያሉ አዛውንቶችን ጠይቁ። የእናንተ ካድሬ ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሃይማኖትን ሁሉ የሚያፈርስ ጎበዝ ተናጋሪ ስታገኙ እሱንም «በምን አወቅህ?» በሉት።

የሐረርን ነገር እዩ። በድሮ ጊዜ አንድ ንግርት ነበር። እስላም ያልሆነ ሰው በግንብ የታጠረውን ጀጎል ከገባ ከተማዋ ትወድቃለች ይባል ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ገባ። ግብፆች በ1868 ከተማዋን ያዙ። እነሱ ከወጡ በኋላ ምኒልክ በጨለንቆ ተዋግተው በ1879 ገቡ። «አየሽ፣ ንግርቱ ደረሰ» ያለኝ የተማረ ሰው አውቃለሁ። ከበርተን እስከ ምኒልክ ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው! ጊዜ ያልተቆረጠለት ንግርት እንዴት ይሳሳታል? በየትኛው ዓመት ብትወድቅ ደረሰ ይባል ነበር። ሐረር የቡና አገር ናት፤ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የንግድ መንገድ በር ናት። ያቺን በር ስንቱ ይመኛት እንደነበር ሳይቆጠር፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ እንግዳ እግር ይሳበባል።

እንዲህ ያለ አነጋገር በተረት ሲቀር ጉዳት የለውም። በሰው ሬሳ ላይ ሲነገር ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 1998፣ ለ30 አጥቢያ፣ ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ በማግስቱ ሥራ ገብቻለሁ። ጭቃ ያልነካው ሰው አልነበረም። በዚያው ቀን «ቁጣ ነው፣ ከኃጢአታችን ብዛት የመጣ ነው» ሲባል ሰማሁ። ማንን ነው ታዲያ የወሰደው? ወንዙ ዳር ጎጆ የቀለሱትን። ተኝተው የነበሩ ሕፃናትን። ዝናቡ የዘነበው ከእኛ በላይ በደጋው ነው። ተራራው ዛፉን አጥቷል፤ ውኃውን የሚይዘው የለም። ታች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነውና ሰው ተጠግቶ ቤት ሠርቷል። ቁጣ ነው ያለ ሰው ግንብ አይሠራም። ማስጠንቀቂያ አያዘጋጅም። ሟቾቹንም ኃጢአተኛ አድርጎ ይቀብራቸዋል። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ግን እውነቱን ሁሉ ልንገራችሁ። በዚያ ሳምንት ለተፈናቃዮቹ እንጀራ የጋገሩት ሴቶችም ያው «ቁጣ ነው» ይሉ የነበሩት ናቸው። የማርያም ማኅበርተኛዋና ከመስጊድ የመጣችው ሴት አንድ ድስት በሁለት በኩል ይዘው ሲሄዱ አይቻለሁ። እንደኔ የማያምኑ ሰዎች በዚያ ሳምንት ተደራጅተው ምን አመጡ ብትሉኝ፣ በየግላችን ሠራን እንጂ አንድ ድስት አልነበረንም።

አሁን ወደ ግብረገብ ልምጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ።

የመጀመሪያ ልጄን በ1974 ወለድኩ። በስምንተኛው ቀን እናቴ ገራዧን ይዛ መጣች። ማተቤን ከበጠስኩ አምስት ዓመቴ ነበር። በእግዚአብሔር አላምንም እል ነበር። ላቦራቶሪ እሠራለሁ፤ ደም ምን እንደሆነ፣ ኢንፌክሽን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሺ አልኩ። ካልተገረዘች ማን ያገባታል ተባልኩ። ጎረቤት ምን ይለኛል አልኩ። ሰማይን መጠራጠር ቀሎኝ ነበር። ጎረቤትን መጠራጠር ግን አቃተኝ።

ልጄ ቀኑን ሙሉ ደማች። ተረፈች። ዛሬ ራሷ እናት ናት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም ይቅር ብላኛለች። ምላጩ ተጠቅልሎ የመጣበትን ጨርቅ ግን ዛሬም ባየው አውቀዋለሁ።

ሁለተኛዋን በ1978 ስወልድ እናቴን «የት ተጽፏል?» አልኳት። ተቆጣች። የነፍስ አባታችንን ይዛብኝ መጣች። ሽማግሌ ነበሩ። ዝም ብለው ቆዩና «ስለ ወንድ ልጅ ተጽፏል። ስለ ሴት ልጅ ግን በመጽሐፍ አላገኘሁም» አሉ። አላገኘሁም! ያንን ቃል ሰምቼ አለቀስኩ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ልጆች ቁርኣን ያስቀራ ነበር። እሱንም ጠየቅኩት። «በቁርኣን ውስጥ እንዲህ የሚል የለም» አለኝ። እናቴ ገራዧን ሸኘቻት።

ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሁለተኛዋን ልጄን ያዳናት አለማመኔ አይደለም። አለማመኔማ በመጀመሪያዋም ጊዜ ነበረ። ያዳናት መጠየቄ ነው። የመለሱልኝም ሁለት አማኞች ናቸው፤ ልማድን ለማስደሰት ብለው ያላነበቡትን አነበብን አላሉም።

የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 565 እና 566 ይህን ድርጊት ከልክሏል፤ ከ1997 ጀምሮ እየሠራ ነው። ሕግ ብቻውን ግን ጎረቤትን አይቀይርም። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል በሐረሪ 82፣ በድሬዳዋ 75 ከመቶው የተገረዙ ነበሩ። ያቺን የምትወዷትን ልጅ ጨምሮ ነው የምላችሁ። ስለ እግዚአብሔር መኖር ሌሊቱን ሙሉ የምትከራከሩ ወንዶች፣ ስለዚህ ነገር ከእህታችሁ ጋር አውርታችሁ ታውቃላችሁ?

የተከበረ ነገር ሁሉ ደግ አይደለም። አያቶቻችን ባሪያ ይገዙ ነበር። ሐረር ራሷ የባሪያ ንግድ መተላለፊያ ነበረች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሸጥ ይገዛ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱ በጦርነት የተማረከ ኢአማኒ ባሪያ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። ያኔ ባሪያ ያለው ሰው ጨዋ ሰው ነበር፤ ይጾማል፣ ይመጸውታል። በአዋጅ የተሻረው በ1934 ነው። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ስለዚህ ልማድን ስትመረምሩ እኔ የምጠይቀውን ጠይቁ። ይህ ነገር ማንን ያማል? የሚያመውስ ሰው ተጠይቆ ያውቃል? በዚህ ጥያቄ ብዙ ነገር ይወድቃል። ብዙ ነገርም ያልፋል። የሚጾም ሰው ፊት አለመብላት ያልፋል። ለቅሶ መድረስ ያልፋል። ለማታምኑበት በዓል ጎረቤትን እንኳን አደረሳችሁ ማለት ያልፋል። ይሉኝታ ከሚባለው ውስጥ ግማሹ ፍርሃት ነው፤ ግማሹ ደግሞ የሌላውን ልብ ማሰብ ነው። አንድ ላይ አትጣሉት።

«ፈጣሪ ከሌለ ክልክል ነገር የለም» የሚሉም ገጥመውኛል። አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ብሩህ ነበር፤ ብዙ አንብቧል፤ በማንም አያምንም። ወረፋው ሲበዛ ስላይዱን ሳያይ ውጤት ይጽፍ ነበር። «ማን ያየኛል?» ይል ነበር። አንድ ሕፃን «አልታየም» ተብሎ ከተመለሰ በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶ መጣ። መዝገቡን ገልጬ አየሁ፤ የእሱ ፊርማ ነው። ያንን መስታወት ፈልጌ አየሁት። ተውሳኩ ሞልቶበት ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር ለማየት።

ሌላ ቦታ ደግሞ የማትቀር ቆራቢ ባልደረባ ነበረችኝ። እሷም ያንኑ ስታደርግ ይዣታለሁ። ንስሐ ገባች፤ ሕፃናቱን ግን ጠርታ እንደገና አልመረመረችም። ስለዚህ እምነት ይኑረው አይኑረው ብዬ ሰው መመዘን ከተውኩ ቆይቻለሁ። መስታወቱን ያያል ወይስ አያይም? እሱን ነው የማየው። ማንም በማያይበት ክፍል ውስጥ ነው የሰው ልጅ የሚታየው።

ሳይንስ ቤትም ልማድ አለ፤ ይህንን ካልነገርኳችሁ አድልቻለሁ። እዚህ አገር ትኩሳት የያዘው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይባላል። ዊዳል የሚባለው ምርመራ በጤነኛ ሰውም ላይ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያስተማምን አይደለም። እኛ ግን በሺህ የሚቆጠር ወረቀት ጽፈናል። ሐኪሙ ስለሚያዝ፣ ታማሚው ስለሚጠብቅ። እኔም ጽፌያለሁ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የነገራችሁንም «በምን አወቅህ?» በሉ።

አሁን ለድሬና ለሐረር ልጆች ብቻ የምላችሁ አለኝ። አቦ፣ በርጫ ላይ የመጣ ሐሳብን ጠዋት ድገሙት። ምርቃና ሁሉን ግልጽ ያደርጋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዓለም የተፈጠረችበት ምሥጢር ይገለጣል፤ አማኙ ይበልጥ ያምናል፣ ካጁ ይበልጥ ይክዳል። ጠዋት ቁርስ ላይ ያው ሐሳብ ቆሞ ካገኛችሁት የእናንተ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የታማሚውን ናሙና ከመመርመራችን በፊት ውጤቱን የምናውቀውን ናሙና እንመረምራለን። ኮንትሮል ይባላል። መሣሪያው የሚያውቀውን ካበላሸ የማያውቀውን እንዴት ይነግረናል? የእናንተ መሣሪያ ጭንቅላታችሁ ነው። ስትናደዱ፣ ስትመረቅኑ፣ ፍቅረኛ ስትለያችሁ ሰማይን አትመርምሩ።

በጣም የምትወዱትን ማስረጃም አብልጣችሁ መርምሩ። ብዙዎቻችሁ ዘርዓ ያዕቆብን ትጠቅሳላችሁ፤ ንጉሡን ሳይሆን ፈላስፋውን። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ ሲፋጅ ዋሻ ገብቶ ሃይማኖቶችን ሁሉ በአእምሮው መረመረ የተባለው ሰው ነው። ሐተታው ያኮራል። ግን ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አገኘሁ ብሎ ያወጣው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ፣ የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው አለ። ክላውድ ሰምነር የተባለ ሌላ ሊቅ ደግሞ አይደለም፣ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ የኢትዮጵያዊ ቢሆን ደስ ይለኛል። ደስ ስለሚለኝ ነው የምጠነቀቀው።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ለእናቴ እንዴት ልንገራት ብለኸኝ ነበር።

የእኔ እናት በ1994 ነው ያረፈችው። ሦስት ወር አስታመምኳት። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ዳዊቷን ማንበብ አቅቷት ነበር። አንድ ማታ «አንብቢልኝ» አለችኝ። ማተብ እንደሌለኝ ታውቃለች። ያለፉትን ሃያ አምስት ዓመታት አንድ ቀንም አንስተነው አናውቅም። አነበብኩላት። በየማታው አነበብኩላት። አንድ ቀን ግን «አንቺ ግን ታምኚያለሽ?» አለችኝ። ልዋሻት እችል ነበር። «አላውቅም እማዬ» አልኳት። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ቀጥዪ» አለችኝ።

ለሃያ አምስት ዓመት ፈርቼ ያልነገርኳት ነገር ይኸው ነበር። አብረን ቁልቢ ስንሄድ፣ እሷ ለገብርኤል ስለቷን ስታገባ እኔ ውጭ ቆሜ ስጠብቃት፣ ያን ሁሉ መንገድ ዝም እንባባል ነበር። እኔ እሷን እየጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እሷም እኔን እየጠበቀች ነበር።

ስለዚህ ንገራት። ግን በጾም መሐል አትንገራት። ሰው በተሰበሰበበት፣ በለቅሶ ቤት፣ በንዴት አትንገራት። ሌላ ሰው ሳይነግራት አንተ ንገራት። «የለም» አትበላት፤ አታውቀውምና። «አልታየኝም» በላት። የእሷን አትንካ። ካለቀሰች ሳትከራከር ቁጭ በል። ከተቆጣችም ቁጭ በል። ቤት ውስጥ ጉዳት ይደርስብኛል ብለህ የምትፈራ ከሆነ ግን ዛሬ አትናገር፤ የራስህን እንጀራ እስክትበላ ቆይ። መቆየት ውሸት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የፈለግከውን የማመንም ያለማመንም ነጻነት ይሰጥሃል፤ የማደሪያ ቤት ግን አይሰጥህም። ይህን የምልህ እንደ እናት ነው።

እሷ ደግሞ ካንተ በኋላ ማውራት ከፈለገች ወደ እኔ ላካት። ቤቴን ታውቀዋለች። ጠዋት ትምጣ፣ ሳይሞቅ።